በርናርዲኖ ራማዚኒ፦ የድሃውን ሥራ የጠየቀ ሐኪም



በዚህ ዕትም ታሪኩን የምናቀርብላችሁ ሰው ስሙ በቅዱሳን መዝገብ ያልሰፈረ፣ ክህነትም ሆነ ምንኩስና ያልነበረው፣ ባለ ትዳር የነበረ ኢጣሊያዊ ሐኪም ነው። ስሙ በርናርዲኖ ራማዚኒ ይባላል። ከሥራ የሚመጡ ሕመሞችን የሚያጠኑ የዓለም ሐኪሞች እንደ አባታቸው ይቆጥሩታል። ካረፈ ከ300 ዓመት በላይ ቢሆነውም ለበሽተኞቹ ያቀርብ የነበረው አንድ ጥያቄ ዛሬም አላረጀም። እንዲያውም በድሬዳዋ ዙሪያና በሐረርጌ ደጋማ ቀበሌዎች ታሞ የተኛውን ገበሬ ስንጠይቅ ይህ ጥያቄ ብዙ ጊዜ ይዘነጋናል። ስለዚህ ሕይወቱን መተረካችን ያለፈውን ዘመን ለማውሳት ብቻ አይደለም፤ በመካከላችን በፀሐይና በመርዝ የሚጎዳውን ወንድማችንን ለማሰብም ጭምር ነው። ከዚህ በታች የተጠቀሱት ዓመታት በአውሮፓውያን አቈጣጠር መሆናቸውን አንባብያን ይገንዘቡልን።

ልደቱና ትምህርቱ

ራማዚኒ በ1633 በሰሜን ኢጣሊያ ካርፒ በምትባል ትንሽ ከተማ ተወለደ። የመጀመሪያ ትምህርቱን በዚያው በተወለደበት ከተማ ከኢየሱሳውያን ዘንድ ቀሰመ። ከዚያም ወደ ፓርማ ዩኒቨርሲቲ ሄዶ ፍልስፍናና ሕክምና አጠና፤ በ1659ም በሕክምና ተመረቀ። በሮም ጥቂት ጊዜ ከተለማመደ በኋላ በቪተርቦ አካባቢ ባሉ ካኒኖና ማርታ በተባሉ የገጠር ከተሞች ሐኪም ሆኖ ተቀመጠ።

በዚያ የገጠር ኑሮው ወባ ያዘው። በዘመኑ ይህ በሽታ ከረግረግ ከሚወጣ ክፉ አየር የሚመጣ ይመስላቸው ነበር፤ ማላሪያ የሚለውም ስም በኢጣሊያ ቋንቋ መጥፎ አየር ማለት ነው። በትንኝ እንደሚተላለፍ የታወቀው እርሱ ካረፈ ከ180 ዓመት በላይ ቆይቶ፣ በ19ኛው መቶ ዘመን ማብቂያ ላይ ነው። ወጣቱ ሐኪም ሥራውን ትቶ ወደ ካርፒ ለመመለስ ተገደደ። የገበሬውን በሽታ ከመጽሐፍ ብቻ ሳይሆን በገዛ ሰውነቱ አወቀው ማለት ነው።

በ1671 ወደ ሞዴና ከተማ ተዛወረ። በ1682 በዚያ ዩኒቨርሲቲ የሕክምና ትምህርት መምህር ሆኖ ተሾመ። በ1690 ደግሞ በሞዴና ገጠር ዝናብ ከመጠን አልፎ፣ እህሉን ዋግ መትቶት፣ በገበሬዎች ላይ የንዳድ ወረርሽኝ ወረደ። ራማዚኒ በሽታውን ከአየሩ ጠባይ፣ ከውሃውና ከእህሉ ሁኔታ ጋር እያስተያየ መዝግቦ በመጽሐፍ አወጣው። በዚያ ዘመን ኢየሱሳውያን ከፔሩ ያመጡት የኪና ዛፍ ቅርፊት ለንዳድ መድኃኒትነቱ ገና ያከራክር ነበር። እርሱ ግን ጥቅሙን ተቀብሎ በብርቱ ደገፈው፤ ያለ ልክ እንዳይሰጥም አስጠነቀቀ።

የጉድጓድ ጠራጊው ዓይን

ራማዚኒን በዓለም ያሳወቀው ሥራ የተጀመረው በገዛ ቤቱ ነው። የሞዴና ቤቶች ተጠጋግተው የተሠሩ ስለ ነበሩ የቆሻሻ ጉድጓዶቻቸው በየጊዜው ይጠረጉ ነበር። አንድ ቀን የእርሱ ቤት ተራ ደርሶ ጠራጊዎች መጡ። ከመካከላቸው አንዱ ነፍሱ እስክትወጣ ድረስ እየተጣደፈ ሲሠራ አየውና አዘነለት፤ ለምን ቀስ እያለ እንደማይሠራም ጠየቀው። ሰውዬው ቀና ብሎ ተመለከተው። በዚያ ጉድጓድ ከአራት ሰዓት በላይ የቆየ ሰው ምን እንደሚደርስበት ያልሞከረው ሊያውቀው እንደማይችል፣ መዘዙም ዓይንን እስከ ማጥፋት እንደሚደርስ አስረዳው።

ሐኪሙ ከጉድጓዱ ሲወጣ ጠብቆ ዓይኖቹን መረመራቸው፤ ቀልተውና ደብዝዘው አገኛቸው። ሰዎቹ ለዚህ ምን እንደሚያደርጉ ቢጠይቅ፣ በቀጥታ ወደ ቤታቸው ገብተው በጨለማ ክፍል እስከ ማግስቱ እንደሚቆዩና ዓይናቸውን ለብ ባለ ውሃ እንደሚያጥቡ ነገሩት። ከዚያ በኋላ በከተማው ይህን ሥራ ሲሠሩ ኖረው ዓይናቸው የጠፋ፣ ምጽዋት የሚለምኑ ድሆችን አስተዋለ። ከእንዲህ ያለ ጉድጓድ የሚወጣው ጋዝ ዓይንን እንደሚያቃጥል ዛሬ በኬሚስትሪ ይታወቃል። ራማዚኒ ግን ያን ጊዜ የጋዙን ስም ባያውቅም የሰውዬውን ሥራና የሰውዬውን ዓይን አገናኘ። ቀድሞ ሐኪሞች ያላደረጉት ይህን ነበር።

ከሂፖክራጥስ ጀምሮ ሐኪም በሽተኛውን የሚጠይቃቸው የታወቁ ጥያቄዎች ነበሩ፤ ምን እንዳመመው፣ ከመቼ ጀምሮ እንደ ታመመ፣ ምን እንደ በላ። ራማዚኒ በእነዚህ ላይ አንድ ጨመረ፤ እርሱም የበሽተኛው ሥራ ምን እንደ ሆነ መጠየቅ ነው። ሐኪም በድሃ ቤት ሲገባ ጥድፊያውን ትቶ፣ በተገኘው ዱካ ላይ ተቀምጦ፣ በትዕግሥት ሊጠይቅ እንደሚገባ አስተማረ። እርሱም ወደ ሸማኔዎች፣ ወደ ሸክላ ሠሪዎች፣ ወደ አንጥረኞችና ወደ ማዕድን ሠራተኞች ኑሮ ዘልቆ ገባ። ተንቀው ከነበሩ የሥራ ቦታዎች መማርን እንደ ውርደት አልቈጠረውም።

ስለ ገበሬዎች የጻፈው

በ1700 የሠራተኞችን በሽታዎች የሚመለከተውን መጽሐፉን በላቲን አሳተመ። ዕድሜው ያን ጊዜ ወደ 67 ዓመት ተጠግቶ ነበር። መጽሐፉ ከ40 በላይ የሥራ ዓይነቶችን ይዟል፤ በ1713 ዳግመኛ ሲታተም ሌሎች ተጨምረው ከ50 በላይ ሆኑ። ሠዓሊዎችና ሸክላ ሠሪዎች በእርሳስ፣ መስተዋት ሠሪዎችና ወርቅ ለባጮች በሜርኩሪ፣ እህል የሚያበጥሩና የሚሰፍሩ ሰዎችም በአቧራ እንዴት እንደሚጎዱ በየተራው ያስረዳል።

ለእኛ ከሁሉ የሚቀርበን ስለ ገበሬዎች የጻፈው ምዕራፍ ነው። ገበሬው ከተሜውን ሁሉ እየመገበ እርሱ ግን በበጋ ፀሐይ እየነደደ፣ በክረምት ዝናብና ብርድ እየተመታ የጎንና የሳንባ በሽታ እንደሚደርስበት ገለጠ። ፍግና ፋንድያ ከመኖሪያ ቤት አጠገብ መከመሩ የቤቱን አየር እንደሚበክል በመጻፉም፣ የገበሬው አደጋ በማሳ ላይ እንደማያበቃ፣ ቤቱ ድረስ ተከትሎት እንደሚገባ አሳየ። ተልባና ሄምፕ የተባለውን የቃጫ ተክል በኩሬ ውሃ ሲያበሰብሱ ውለው የሚታመሙትንም ሴቶች አልዘነጋቸውም። በመከር ወራት ተዳክመው ወደ ሆስፒታል የሚመጡትን ገበሬዎች በላባቸውና በድካማቸው ላይ ደም እያፈሰሱ የሚያባብሱባቸውን ሐኪሞችም ወቀሰ።

ለየሥራው የሰጠው ምክር ቀላል ነው። አፍና አፍንጫን መሸፈን፣ ፊትን ከነፋስ ማዞር፣ ከሥራ በኋላ መታጠብና አፍን መጉመጥመጥ፣ የሥራ ልብስን መለወጥ፣ ሥራን በልክ አድርጎ ማረፍ። ከእነዚህ አብዛኛዎቹ ዛሬ የጸረ ተባይ ርጭት ባለሙያዎች ከሚሰጡት ትምህርት ብዙም አይለዩም።

የቁምስና መዝገብ በፍርድ ቤት

በመጽሐፉ ከተመዘገቡት ታሪኮች አንዱን በተለይ ቁምስናዎቻችን ቢያስቡበት እንወዳለን። በሞዴና ግዛት በፊናሌ ከተማ አንድ ነጋዴ ከሜርኩሪ የሚዘጋጅ ብርቱ ኬሚካል የሚያመርትበት ትልቅ ሥራ ቤት ነበረው። ከዚያ በሚወጣው ጢስ የተማረረ የከተማው ነዋሪ፣ ሥራ ቤቱ ከከተማ እንዲወጣ ክስ መሠረተ። ለማስረጃ የከተማውን ሐኪም ቃል አቀረበ፤ ከዚያም የቁምስናውን የሙታን መዝገብ ይዞ ቀረበ። መዝገቡ ሲገለጥ በሥራ ቤቱ አካባቢ በየዓመቱ የሚሞተው ሰው ከሌላው ሠፈር ይልቅ በርክቶ ተገኘ። ሐኪሙም ብዙዎቹን የገደላቸው የሳንባ በሽታ መሆኑን መሰከረ።

በመጨረሻ የተረታው ግን ነዋሪው ነበር፤ ነጋዴው ነጻ ተለቀቀ። ራማዚኒም ፍርዱ ትክክል መሆን አለመሆኑን የተፈጥሮ ምርምር ዐዋቂዎች እንዲመዝኑት ተወው። ያ ቄስ የሟቾቹን ስም ሲጽፍ የክርስትና ግዴታውን ብቻ የፈጸመ መስሎት ይሆናል። ሆኖም በታማኝነት የተጻፈ መዝገብ፣ ድሃው ከሞተ በኋላ እንኳ ስለ እርሱ የሚመሰክር ሆነ። ከዚያ ወዲህ ሐኪሞች የሞትን ቁጥር ከመኖሪያ ቦታና ከሥራ ጋር እያመሳከሩ ብዙ አደጋዎችን ገልጠዋል።

የመጨረሻ ዘመኑ

መጽሐፉ በወጣበት በ1700 የቬኔስያ መንግሥት ራማዚኒን በታዋቂው የፓዶቫ ዩኒቨርሲቲ እንዲያስተምር ጠራው። በዚያ ሳለ የዓይኑ ብርሃን እየደከመ ሄዶ ጠፋ። የሠራተኞችን ዓይን የመረመረው ሰው በእርጅናው መጽሐፍ የሚያነብለትና የሚጽፍለት ፈላጊ ሆነ። ከማስተማር እንዲያሰናብቱት ቢለምንም ሹማምንቱ በክብር አቆዩት። በኅዳር ወር መጀመሪያ 1714፣ ሊያስተምር ሲዘጋጅ ሳለ በድንገተኛ ሕመም ተመትቶ በ81 ዓመቱ አረፈ። በዚያችው በፓዶቫ ከተማ ተቀበረ።

እርሱ የዘራው ዘር ግን በየዘመኑ አፈራ። ርእሰ ሊቃነ ጳጳሳት ሊዮን 13ኛ በ1891 ሬሩም ኖቫሩም የተባለውን መልእክታቸውን ሲጽፉ፣ የሠራተኛው ጉልበት ከአቅሙ በላይ መበዝበዝ እንደማይገባው፣ ዕረፍትም መብቱ እንደ ሆነ ቤተ ክርስቲያን በአደባባይ አስተማረች። ርእሰ ሊቃነ ጳጳሳት ፒዮስ 12ኛ በ1955 የሠራተኛውን የቅዱስ ዮሴፍን በዓል አቆሙ። ርእሰ ሊቃነ ጳጳሳት ፍራንቸስኮስም በ2015 ላውዳቶ ሲ በተሰኘው መልእክታቸው፣ ምድርን ከሚበክሉት መካከል የእርሻ ኬሚካሎችን በስም ጠቅሰው የድሆችን ጤና እንድናስብ አሳሰቡ። የዓለም የሥራ ድርጅትም በ2022 ጤናማና አደጋ የሌለበት የሥራ ቦታ ከሠራተኛ መሠረታዊ መብቶች አንዱ እንዲሆን ወሰነ።

ጥያቄው በእኛ አገር

አሁን ወደ ራሳችን እንመለስ። ድሬዳዋ በቆላ የተቀመጠች ከተማ ናት። በግንቦትና በሰኔ የቀኑ ሙቀት ከ35 ዲግሪ የሚያልፍበት ጊዜ አለ። በዙሪያዋ ማሽላ፣ አትክልትና ፍራፍሬ ይመረታል፤ ከፍ ሲል በሐረርጌ ደጋ ጫት፣ ቲማቲም፣ ሽንኩርትና ድንች በሰፊው ይለማል። በምዕራብም በአዋሽ ሸለቆ ከ1960ዎቹ ወዲህ የተስፋፉት ሰፋፊ የጥጥ እርሻዎች ከደጋ የወረዱ ብዙ የቀን ሠራተኞችን በበረሃ ሙቀትና በጸረ ተባይ መካከል አሠርተዋል።

በቋንቋችን አንድ የሚያታልል ልማድ አለ። ለተባይ የሚረጨውን መርዝ መድኃኒት እንለዋለን። ልጆችም ይህንኑ ስም ሰምተው ያድጋሉ። መድኃኒት የተባለ ነገር ግን ከአልጋ ሥር ቢቀመጥ፣ በባዶ እጅ ቢበጠበጥ፣ ጀሪካኑም ታጥቦ ውሃ ቢቀዳበት ማን ይፈራዋል? ዲዲቲ ለወባ መከላከያ ብቻ እንዲውል በዓለም አቀፍ ውል ቢወሰንም፣ ተመራማሪዎች ከአገራችን ልዩ ልዩ ቦታዎች በተሰበሰበ ጫት ላይ ቅሪቱን አግኝተዋል። አገራችን በ2002 ዓመተ ምሕረት የጸረ ተባይ ምዝገባና ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 674 አውጥታለች። ከዚያም ቀደም ብሎ ጊዜው ያለፈበት ከ1,000 ቶን በላይ ጸረ ተባይ ተሰብስቦ ለመቃጠል ወደ ፊንላንድ ተልኳል። ይሁንና አዋጅ በራሱ ማሳ አይወርድም። የአሠሪና ሠራተኛ ሕግም ተቀጥሮ ለሚሠራው እንጂ በገዛ መሬቱ ላይ ከልጆቹ ጋር ለሚረጨው ገበሬ አይደርስለትም።

ሙቀቱና መርዙ ደግሞ እየተረዳዱ ይጎዳሉ። የሞቀና ያላበው ቆዳ ኬሚካሉን ይበልጥ ይስባል። ሙቀቱ ሲበረታ ገበሬው መከላከያ ልብሱን ያወልቃል፤ ሸሚዙንም ጥሎ በሽርጥ ብቻ ይረጫል። ማታ ራሱን እያመመው፣ እያጥወለወለውና እያላበው ሲገባ ጎረቤቱ ምች ነው ብሎ ዳማከሴ ያሸዋል። ምች ሊሆን ይችላል፤ የሙቀት ድካምም ሊሆን ይችላል፤ መርዝም ሊሆን ይችላል። ሦስቱ በመጀመሪያ ይመሳሰላሉ። የሚለያቸው የራማዚኒ ጥያቄ ነው፤ ይኸውም በሽተኛው ዛሬ ምን ሲሠራ እንደ ዋለ፣ ምንስ እንደ ረጨ መጠየቅ። የዓይን ብሌኑ እንደ መርፌ ቀዳዳ ከጠበበ፣ ምራቁና እንባው ያለ ልክ ከፈሰሰ፣ ጡንቻው ከተንቀጠቀጠ ወይም ትንፋሽ ካጠረው መርዝ መሆኑን ጠርጥሮ፣ ልብሱን አውልቆ ሰውነቱን በሳሙና አጥቦ፣ የኬሚካሉን ዕቃ ወይም ጽሑፉን ይዞ ሳይዘገዩ ወደ ጤና ጣቢያ መውሰድ ይገባል። ሰውነቱ ነዶ የሚቃዥ ከሆነም ወዲያው ጥላ ሥር አስገብቶ ውሃ እያፈሰሱ እያራገቡ ማብረድ፣ ከዚያም ወደ ሐኪም ማድረስ ነው።

ከመታመም በፊት ስላለው ጥንቃቄ ደግሞ የትምህርተ ክርስቶስ መምህራን እነዚህን ነጥቦች ለመንደራቸው ቢያስረዱ ብዙ ነፍስ ይድናል። ርጭት ጠዋት በማለዳ ወይም ወደ ማምሻው፣ ነፋስን ከጀርባ አድርጎ ይሁን። እጅጌው ረጅም ልብስ፣ ጓንትና ቦቲ ጫማ ይደረግ፤ የተዘጋ መርጫ በአፍ አይነፋ፤ እየረጩ መብላት፣ ሲጋራ ማጨስና ጫት መቃም ይቅር። ሕፃናትና ነፍሰ ጡሮች ከርጭቱ ይራቁ። ወደ ቤት ከመግባትና ሕፃን ከማቀፍ በፊት ገላን በሳሙና መታጠብ፣ የሥራውን ልብስም ከልጆች ልብስ ለይቶ ማጠብ ያስፈልጋል፤ የሚጠጣ ውሃ በሚቀዳበት ወንዝ ግን አይታጠብ። ባዶው ዕቃ ሦስት ጊዜ ታጥቦ፣ እጣቢው ከመርጫው ጋር ተደባልቆ፣ ዕቃው ተበስቶ ይወገድ እንጂ የወተትና የዘይት መያዣ አይሁን። ከተረጨ በኋላ ሰብሉ እስኪለቀም መቆየት ያለባቸው ቀኖች ይጠበቁ፤ ይህ ለሚበላው ሰው የሚደረግ ፍቅር ነው። በሙቀት የሚሠራ ሰው ሳይጠማው በየ20 ደቂቃው ጥቂት ውሃ ይጠጣ፣ በጥላ ይረፍ፤ ከደጋ አዲስ የወረደ ሠራተኛም ሰውነቱ እስኪለምድ በመጀመሪያው ሳምንት ሥራው ይቀነስለት። በእርሻው ላይ የቀን ሠራተኛ የሚያሠራ ምእመን ደግሞ ጥላውንና ውሃውን ማዘጋጀት ከደመወዙ ያልተናነሰ ዕዳው መሆኑን አይርሳ።

የተወደዳችሁ አንባብያን፤ በወንጌል የተነገረለት ደጉ ሳምራዊ በመንገድ የወደቀውን ሰው ቁስሉን አሰረለት፣ ወደ ማደሪያም ወሰደው። ራማዚኒ ከዚህ ጋር መንገዱንም አየ፤ ሰው ለምን በዚያ መንገድ ላይ ዘወትር እንደሚወድቅ ጠየቀ። ሕሙማንን መጠየቅ ከምሕረት ሥራዎች አንዱ መሆኑን ሁላችንም ተምረናል። ከእንግዲህ በሽተኛ ቤት ስንገባ፣ ጸሎታችንን አድርሰን ከመነሣታችን በፊት፣ ጥቂት ተቀምጠን ስለ ሥራውም እንጠይቅ፤ በአንድ መንደር ሕመምና ሞት ሲደጋገም ካየንም ቆጥረን፣ ጽፈን ለቁምስናችንና ለጤና ባለሙያ እናስታውቅ። የፊናሌው መዝገብ ያስተማረን ይህንኑ ነው።

የናዝሬቱ ሠራተኛ ቅዱስ ዮሴፍ በላባቸው ስለሚመግቡን ሁሉ ያማልድ። የእግዚአብሔር ሰላም ከሁላችሁ ጋር ይሁን። አሜን።